በቅጹ ላይ የባለቤቴን ስም በራሳችን ፊደል ጻፍ ይላል፤ በየትኛው «ፀ» ልጻፈው?

ታጋሽ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለቤቴን ወደ አሜሪካ ለማምጣት አይ-130 የሚባለውን ቅጽ እየሞላሁ ነው። በላቲን ፊደል የሚሞላው ክፍል ብዙም አላስቸገረኝም፤ ፓስፖርቷን ከፊቴ ዘርግቼ ፊደል በፊደል ገለበጥኩት። አራተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። የዘመድህ የጽሑፍ ቋንቋ የላቲን ፊደል የማይጠቀም ከሆነ ስሙንና በውጭ አገር ያለውን አድራሻ በራሱ ቋንቋ ጻፍ ይላል።

ባለቤቴ ፀሐይ ትባላለች። በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ «ፀሐይ» ተብሎ ተጽፏል። በመታወቂያዋ ላይ «ጸሐይ» ነው። በጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ላይ ደግሞ ጸሐፊው «ፀሀይ» ብሎታል። እርሷ ራሷ ስትጽፍ እንደ ልደት ወረቀቷ ነው። የቱን ልጻፍ? መርማሪው ሦስቱን አስተያይቶ የአንድ ሰው ወረቀቶች አይደሉም ቢለኝስ?

ሁለተኛው ችግሬ ኮምፒውተሩ ነው። በአማርኛ ስጽፍ ሳጥኑ ውስጥ ባዶ አራት ማዕዘኖች ይደረደራሉ። ሦስተኛው ደግሞ የስሙ ቅደም ተከተል ነው። ሳጥኖቹ የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስም፣ መካከለኛ ስም ተብለው ስለተከፋፈሉ በአማርኛ የአያቷን ስም ላስቀድም ነው። እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው አይቼ አላውቅም። ከተጋባን ወዲህ አብረን ያሳለፍናቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በአንዲት ፊደል ምክንያት አንድ ወር እንኳን እንዲጨመርብን አልፈልግም። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


የኔታ፦

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅህ። ትክክለኛው «ፀሐይ» ነው፤ በፀሐዩ «ፀ» እና በሐመሩ «ሐ»። ፊደሉ እኮ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው! ጸሎቱን «ጸ» ከፀሐዩ «ፀ» የምንለየው ጸሎት በዚያኛው፣ ፀሐይ በዚህኛው ስለሚጻፍ ነው። በሃሌታው «ሀ» የጻፈው ሰው ድምፁን ብቻ ሰምቶ ነው የጻፈው። በግእዙ ሥርዓት ምሕረት በሐመሩ «ሕ»፣ መድኅን በብዙኃኑ «ኅ»፣ ብርሃን በሃሌታው «ሃ»፣ ሥላሴ በንጉሡ «ሥ»፣ ዓለም በዓይኑ «ዓ» ነው። ጸጋን በፀሐዩ «ፀ» የሚጽፈው ሰው ዛሬ እጅግ በዝቷል፤ እርሱም ስሕተት ነው። የሚስትህ ስም የቆመበትን ፊደል አውቀህ ጻፍ። ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ወረቀት ስለሆነ ይበልጥ ልንጠነቀቅለት ይገባል።


ሰነድ ተርጓሚ፦

የኔታ፣ ስለ ፀሐይ የተናገሩት ልክ ነው፤ ለፊደሉ ያለዎትን ፍቅርም እጋራዎታለሁ። ነገር ግን ሌላ ሰው ይህን አንብቦ በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ማረም እንዳይጀምር እፈራለሁ። አንዲት ሴት በልደት ወረቀቷም በመታወቂያዋም «ፀጋ» ተብላ ከተጻፈች በቅጹ ላይም «ፀጋ» ናት። ሳጥኑ የሚፈልገው ቃሉ በግእዝ እንዴት እንደሚጻፍ ሳይሆን ይህች ሴት በወረቀቶቿ ላይ እንዴት እንደተጻፈች ነው። ያስተካከልነው ፊደል ከማንኛውም ሰነድ ጋር የማይገጥም አዲስ ስም ይሆናል።

ታጋሽ፣ ወደ አንተ ስመለስ፣ «ፀሐይ» ብለህ ጻፍ። ከቅጹ ጋር ከምታያይዛቸው ሰነዶች ሁሉ ስለ ማንነቷ ይበልጥ የሚመሰክረው የልደት ወረቀቷ ነው፤ የእጅ ጽሑፏም ከእርሱ ጋር ተስማምቷል። ከሁለቱ የበለጠ ምክንያት አያስፈልግህም። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ቅጽ ሁሉ ይህንኑ ሳትለውጥ ድገመው።

የፈራኸው ነገር ግን እንቅልፍ ሊነሳህ አይገባም። «ፀ» እና «ጸ» ወደ ላቲን ሲገለበጡ ሁለቱም «ቲ» እና «ኤስ» ናቸው። «ሐ»፣ «ሀ» እና «ኀ» ሦስቱም «ኤች» ናቸው። በፓስፖርቷ ግርጌ ያሉት ማሽን የሚያነብባቸው ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 44 ምልክት ይይዛሉ፤ ከ26ቱ የላቲን ፊደሎች፣ ከቁጥሮችና ከአንድ የመሙያ ምልክት በቀር የሚያውቁት የለም። ስለዚህ በአማርኛ ወረቀቶቿ መካከል ያለው የፊደል ልዩነት ወደ ላቲን ሲሻገር ይጠፋል።

እኔን በሥራዬ የሚያስጨንቀኝ ተቃራኒው ነው። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በላቲን ሦስት አራት መልክ ይይዛል። ፀሐይ መጨረሻዋ በ«ዋይ» ተጽፎ አይቻለሁ፤ በ«አይ» ተጽፎ አይቻለሁ፤ ከ«ዋይ» በኋላ «ኢ» ተጨምሮበትም አይቻለሁ። ኃይሉን፣ ዓለማየሁን፣ ገብረ መድኅንን ብትወስድ እንደዚያው ነው። የትምህርት ማስረጃዋ ከፓስፖርቷ በአንድ የላቲን ፊደል ቢለይ እርሱን «ሌሎች የተጠቀመችባቸው ስሞች» በሚለው ስፍራ አስፍር። በራሳችን ፊደል የምትሞላት ትንሽ ሳጥን ጥቅሟ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ የተበታተኑትን የላቲን አጻጻፎች ወደ አንድ ስም ትሰበስባቸዋለች። እኔ እንዲያውም ከቅጹ ሁሉ የምወዳት እርሷን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የምታያይዘው በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ ትርጉም ያስፈልገዋል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ ለመተርጎምም ብቁ መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ስሟን በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው እንዲጽፍ አስቀድመህ የፓስፖርቷን ቅጂ ስጠው። በጆሮው እየሰማ የሚጽፍ ተርጓሚ አራተኛ አጻጻፍ ይፈጥርብሃል። ሳጥኑ ውስጥ በአማርኛ የምትጽፈው ግን ትርጉም አያስፈልገውም፤ ላቲኑ እዚያው ቅጽ ላይ አለ።


የኔታ፦

እውነት ብለሃል። በሰው ወረቀት ላይ ያለውን ስም ለውጡ አልልም። ልጅ ሲወለድ ግን አስመዝጋቢውም መዝጋቢውም ፊደሉን ቢጠይቁ ይህ ሁሉ መባዘን ባልመጣ ነበር።


ኮምፒውተር ጠጋኝ፦

ስለ ባዶዎቹ አራት ማዕዘኖች ልንገርህ። የጻፍከው አማርኛ ልክ ሊሆን ይችላል፤ የፒዲኤፉ ሳጥን የታሰረበት ፎንት የግእዝ ፊደል ስለሌለው ነው አራት ማዕዘን የሚያሳይህ። ኮምፒውተርህ ላይ ሌላ ፎንት መጫን ብዙ ጊዜ አይፈታውም፤ ምክንያቱም ምርጫው ያለው በቅጹ ውስጥ ነው። አራት ማዕዘን እያየህ አትም ብለህ አትላክ፤ የሚደርሳቸውም አራት ማዕዘን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሌላውን ሁሉ በኮምፒውተር ሙላ፤ እነዚህን መስመሮች ባዶ ተዋቸው፤ ቅጹን አትመህ በጥቁር ቀለም በእጅህ ጻፍባቸው። የቅጹ መመሪያ በኮምፒውተር ወይም በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ሙሉ ነው የሚለው። ፊደሎቹን አታያይዛቸው፤ «ሐ» ከ«ሕ»፣ «ፀ» ከ«ፅ» እንዲለይ ተለቅ አድርገህ ጻፍ።

ሌላ የማስጠነቅቅህ ነገር አለ፤ በራሴ ስለደረሰ እነግርሃለሁ። ለእናቴ በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ ስሞላ ድሮ የተጫነልኝን የአማርኛ መጻፊያ ተጠቀምኩ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ስሟ ጥርት ብሎ ይታያል። ማረጋገጫውን በሌላ ኮምፒውተር ስከፍተው ግን በስሟ ቦታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ተሰልፈው አገኘሁ። የድሮዎቹ መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል መለያ ቁጥር ይዘው ሥዕሉን ብቻ ወደ ግእዝ ይቀይሩ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሥዕሉ ይጠፋና ላቲኑ ይቀራል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በሚጠቀሙበት የጋራ መለያ ቁጥር) ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ስለዚህ በዩኒኮድ የሚጽፍ የቁልፍ ሰሌዳ ተጠቀም፤ በዘመናዊ ስልክ ላይ ያለው የአማርኛ ሰሌዳ ዩኒኮድ ነው። ስሙን ጽፈህ በኢሜይል ለራስህ ላከውና በሌላ ሰው ስልክ ክፈተው። እዚያም አማርኛ ሆኖ ከታየ የትም ይታያል።


መንገደኛዋ፦

እኔ በባለቤቴ ማመልከቻ የመጣሁ ነኝና ከዚያኛው ወገን ያየሁትን ላካፍልህ፣ ወንድሜ።

ስለ ቅደም ተከተሉ፣ አይ-130 ሳጥኖቹን ስለለያያቸው ከላቲኑ ጋር አመሳስለህ ሙላ። ከላይ በላቲን የቤተሰብ ስም ብለህ የአያቷን ስም ካስገባህ እዚህም በዚያው ሳጥን የአያቷን ስም አስገባ። የሚያነብበው ሰው ሳጥን ከሳጥን ነው የሚያስተያየው። በኋላ ራሷ የምትሞላው የስደተኛ ቪዛ ማመልከቻ፣ ዲኤስ-260፣ ላይ ግን ሙሉ ስም በራስ ፊደል የሚለው አንድ መስመር ነው፤ እዚያ እንደምንጠራራው የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ስም በተራ ትጻፍ። «ወይዘሮ» አይጨመርበትም። ሁለት ነጥብም አራት ነጥብም አያስፈልግም፤ ክፍት ቦታ ይበቃል።

በዚያ ቅጽ ላይ ከመስመሩ አጠገብ አይመለከተኝም ወይም መጻፊያው የለኝም የምትል ምልክት ማድረጊያ አለች። ጎብኚዎች በሚሞሉት ዲኤስ-160 ላይም ትገኛለች። ብዙ ሰው ስለሚቸኩል እርሷን ነክቶ ያልፋል። የአማርኛ ሰሌዳ በስልኳ ላይ እያለ ፀሐይ እንዲህ እንዳታደርግ ንገራት። የተቀረውን መልስ ሁሉ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትሞላው፤ በራሷ ፊደል የሚፈቀድላት ይህች መስመር ብቻ ናት።

አድራሻውን በላቲን የጻፍከውን ራሱን በአማርኛ መልሰህ ጻፍ፦ የቤት ቁጥር፣ ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ፣ ከተማ፣ ኢትዮጵያ። ቁጥሩን በተለመደው አኃዝ ጻፈው፤ የግእዝ ቁጥር አትጠቀም። የሰፈር ስም ብቻ ጽፈህ አትለፍ።

የባለቤቴ አባት ስም ወልደ ማርያም ነው፤ ስለ እርሱም ብዙ ተከራክረን ነበር። በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ተያይዞ ስለተጻፈ በአማርኛም አያይዘን «ወልደማርያም» አልነው፤ ተለያይቶ ቢሆን ኖሮ ማርያም ራሱን የቻለ ስም ይመስል ነበር። የአንተም ቤተሰብ እንዲህ ያለ ስም ካለው አስብበት።


ቢፍቱ፦

ከርእሱ ጋር ስለሚገናኝ እኔም ልጠይቅ። እኅቴ የምትጽፈውም የተማረችውም በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቁቤ ደግሞ ራሱ የላቲን ፊደል ነው። የልደት ወረቀቷ ላይ ግን ስሟ በአማርኛ ጭምር አለ። እርሷ ይህን ሳጥን ምን ታድርገው?


ሰነድ ተርጓሚ፦

ቢፍቱ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳጥኑ የሚጠይቀው የሰውየው የጽሑፍ ቋንቋ የላቲን ፊደል የማይጠቀም ከሆነ ብቻ ነው። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በቁቤ ስለሚጻፍ እኅትሽን ጥያቄው አይመለከታትም፤ አይመለከተኝም የሚለውን የእንግሊዝኛ ምሕጻር ጽፋ ብታልፍ እውነቱን ተናግራለች። ሆኖም በቁቤ የምትጽፈው አጻጻፍ ከፓስፖርቷ ላቲን ሊለይ ይችላል፤ ቁቤ «ጨ»ን በ«ሲ» ብቻ፣ «ቀ»ን በ«ኪው» ይጽፋል፤ ፓስፖርት ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ልማድ «ጨ» በ«ሲ» እና «ኤች»፣ «ቀ» በ«ኬ» የተገለበጠበት ሰው ብዙ ነው። ልዩነቱ ካለ የቁቤው አጻጻፍ ከሌሎች ስሞች ጋር ይግባ።


ታጋሽ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ለፀሐይ ደውዬ ስሟንና አድራሻዋን በወረቀት ላይ በእጇ ጽፋ ፎቶውን እንድትልክልኝ ጠየቅኋት። ላከችልኝ፤ በፀሐዩ «ፀ» እና በሐመሩ «ሐ» ነው፣ የኔታ። እርሱን እያየሁ በጥቁር ቀለም ሞላሁት። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ ያለውን ትርፍ «ኢ»ም ከሌሎች ስሞች ጋር አስገባሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ቀረኝ። ቅጹን የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ ከልጅነቴ ጀምሮ በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ መፈረም አለብኝ?


ሰነድ ተርጓሚ፦

የለብህም። ፊርማ በእንግሊዝኛ መሆን የለበትም፤ መነበብም አይጠበቅበትም። ሁልጊዜ የምትፈርመውን ፈርም። ቅጹን ሳይታይ የሚያስመልሱት ፊርማ መርሳት፣ ክፍያ ማጉደልና ጊዜው ያለፈበት የቅጽ እትም መጠቀም ናቸው፤ ስለዚህ ፖስታውን ከማሸግህ በፊት በየገጹ ግርጌ ያለው የእትም ቀን ዛሬ ከሚቀበሉት ጋር አንድ መሆኑን ተመልከት።


ታጋሽ፦

አየሁት፤ አንድ ነው። ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።