ለማድያት በመርፌ ፊት ሊወጉኝ ነው፤ የሞከራችሁ ምከሩኝ

ቡና አፍይዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው፣ ጣና ዳር ቡና አፈላለሁ። ሁለተኛዋን ልጄን ሳረግዝ ሁለቱ ጉንጮቼና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ማድያት ወጣብኝ። «ስትወልጂ ይለቅሻል» ተባልኩ። ልጄ ሦስት ዓመት ሞላት፣ ማድያቱ ግን እዚያው አለ። እየደባለቁ በቆርቆሮ የሚሸጡትን ቅባት ስምንት ወር ተቀባሁ። መጀመሪያ ፍክት አልኩ፤ ስተወው ብሶ ተመለሰ፣ እንደገና ጀመርኩት። አሁን ፀሐይ ሲነካኝ ፊቴ ይለበልበኛል፣ ቀጫጭን ደም ሥሮችም ይታያሉ። ሰሞኑን አንድ የውበት ሳሎን በምትሽከረከር መርፌ ፊት እየወጉ «ከሥሩ ይነቅለዋል» አሉኝ። አንዱ 2,500 ብር፣ ስድስት ጊዜ። 15,000 ብር ለእኔ ቀላል አይደለም። እውነት ይሠራል?

አባይ ማዶ፦
ከሥሩ ይነቅላል ያለሽ ሰው ማድያትን አያውቃትም። ብርሽን ያዥ።

የቀበሌው ልጅ፦
ኧረ አታስፈራሯት። እኔ አዲስ አበባ ሐኪም ጋ በደርማፔን፣ መርፌ ባላት እስክሪብቶ መሳይ መሣሪያ፣ አራት ጊዜ ተሠርቻለሁ፣ የብጉር ጉድጓዶቼ በደንብ ሞልተዋል። ሁለት ቀን ፊትሽ ይቀላል፣ ከዚያ በቃ።

ሲስተር፦
ቆዳ ክፍል ስለሠራሁ ትንሽ ላስረዳ። ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፣ ግን የአንተ ጠባሳ ነው። ማይክሮኒድሊንግ፣ ማለትም ይኸው በመርፌ መውጋት፣ ቆዳን በብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ይወጋዋል፤ ቆዳው ሲድን አዲስ ኮላጅን፣ ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን፣ ይሠራል፣ ጎድጓዳውም ይሞላል። ማድያት ግን ጉድጓድ የለውም። ቀለም የሚሠሩት ሕዋሶች ከልክ በላይ እየሠሩ ነው፤ የሚያነሳሷቸውም ፀሐይ፣ ሙቀት፣ እርግዝናና ሆርሞን ናቸው፣ በዘርም ይመጣል። መርፌው እነዚህን አያጠፋም። ጥቅሙ ይበልጥ እንደ ትራኔክሳሚክ አሲድ ወይም ቫይታሚን ሲ ያለውን መድኃኒት ወደ ውስጥ ለማስገባት መንገድ መክፈቱ ላይ ነው። በሐኪም እጅ ከቅባት ጋር ሲደረግ የፈካላቸው አሉ። ፀሐዩ ካልተጠበቀ ግን ይመለሳል።

ደግሞ የእኛ ቆዳ ቁስል አይረሳም። ጀበና የነካው እጅሽ ድኖም ስንት ጊዜ ጠቁሮ ቆየ? ፊትም እንደዚያው ነው፤ በጥልቀት የተወጋ ወይም የተቆጣ ቆዳ ከማድያቱ የባሰ ጥቁረት ሊያተርፍ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚገለገሉባቸው መርፌዎች 0.2 እና 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ከ0.5 ጀምሮ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ደም እስኪወጣ መጫን ማለት የተሻለ ሠራ ማለት አይደለም።

ከመርፌው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ቅባቱ ነው። ማቃጠሉና ደም ሥር መታየቱ የስቴሮይድ ነገር ይመስላል፣ ቆዳን ያሳሳል። እንዲህ በሳሳ ፊት ላይ መርፌ በፍጹም። ስም የሌላቸው ማፍኪያዎች ውስጥ ሜርኩሪም ይገኛል፣ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። ሀይድሮኪኖን የሚባለው ማፍኪያ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እየደባለቁ ለዓመታት ሲቀቡት ግን ሰማያዊ የሚመስል፣ ለመልቀቅ የሚያስቸግር ጥቁረት ያመጣል። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደሽ የቆዳ ሐኪም ጠይቂ፣ ቆርቆሮውንም ይዘሽ ሂጂ። እንዴት እንደምታቆሚው እነሱ ይንገሩሽ፤ ባንዴ ሲተዉት የሚያገረሽበት ሰው አለ።

አንድ ጥያቄ፦ የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ?

ቡና አፍይዋ፦
አዎ ሲስተር፣ ፒልስ። ከወለድኩ ጀምሮ።

ሲስተር፦
እሱም ማድያትን ሊያቆይ ይችላል። ራስሽ ግን እንዳታቋርጪው፣ ሌላ እርግዝና ይመጣና ነገሩ ካለበት ይጀምራል። ሐኪሙን ስለ ሉፕ ጠይቂው፤ ሆርሞን የሌለው የመዳብ ዓይነት አለ።

እናት ዓለም፦
እቴ፣ እኔ ያቺን የምትሽከረከረውን ከሱቅ ገዝቼ ከእህቴ ጋር ስንጋራት ከረምን። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ደም የነካ መርፌ እኮ ነው! ሄፓታይተስ ቢም ኤች አይ ቪም በዚህ ይተላለፋል። ማድያቴ? ምንም አልሆነ። የእህቴ ግንባር ግን መስመር መስመር ሠርቶ ጠቆረ፣ ወራት ፈጀ። ሳሎኗን መርፌው አዲስ መሆኑን፣ ዓይንሽ እያየ ከማሸጊያው መውጣቱን ጠይቂ።

ቡና አፍይዋ፦
ዛሬ ሄጄ ጠየቅሁ። መርፌዋ ብርጭቆ ውስጥ አልኮል ተነክራ ቆማለች። አንሥቼ በብርሃን አየኋት፤ ከጥርሶቿ ሥር ቡኒ ነገር ደርቆባታል። «ለሁሉም በዚችው ነው፣ ደንበኞቼ ንጹሕ ናቸው» አለችኝ። ሻርፔን አንሥቼ ወጣሁ።

ግን ፀሐዩን ምን ላድርገው? ቀኑን ሙሉ ውሃው ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው። ሰንስክሪን ሞክሬ ዱቄት የተነሰነሰብኝ ነው የምመስለው፣ ደንበኛ ሳቀብኝ።

ሲስተር፦
ቀለም ያለውን ጠይቂ፣ አይረን ኦክሳይድ የሚል የተጻፈበት። ነጭ አያደርግም፤ ደግሞ በእኛ ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያብሰው የሚታየው ብርሃንም ስለሆነ እሱን የሚከለክለው ይኸው ነው። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅሙ 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ለፊትና አንገት ሁለት ጣትሽ ሙሉ ቀቢ፣ ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝሽ ፀሐዩ ቀላል ይመስልሻል። ከሰሉም ትንሽ ራቂ፣ ሙቀቱም ያብሳል። መርፌውን ቆዳሽ ካገገመ በኋላ ከሐኪሙ ጋር አውሩበት፣ ያኔ አልቃወምም።

አባይ ማዶ፦
ሰፊ ባርኔጣ ጨምሪበት። ከሰንስክሪን ይረክሳል።

ቡና አፍይዋ፦
እሽ። ማክሰኞ እሄዳለሁ፣ ቆርቆሮውን በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። ጀርባዬን ለውሃው ሰጥቼ ተቀመጥኩ፣ ዣንጥላም ተከልኩ። ዣንጥላውን ደንበኞቼ ወደ ራሳቸው ጎትተውታል እንጂ።