አጋሮች ናቸው ወይስ ጥገኞች?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር፦ አሜሪካ የኔቶ (የሰሜን አሜሪካና የአውሮፓ አገሮች የጦር ቃል ኪዳን) አጋሮቿን «ካልከፈላችሁ አልጠብቃችሁም» ማለቷ ያስኬዳል? የዴንማርክ ግዛት የሆነችውን ደሴት፣ ግሪንላንድንም ትፈልጋለች። ስድብ የለም! ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ታዛቢው፦ ያስኬዳል እንጂ! በ2014 ዌልስ ላይ ተሰብስበው ለመከላከያ ከአገር ውስጥ ምርታችን 2 በመቶ እናወጣለን አሉ። ከ10 ዓመት በኋላ እንኳ ስፔንና ቤልጅየም አልደረሱም ነበር። አሜሪካ ስትቆጣቸው ግን በ2025 ሄግ ላይ እስከ 2035 ድረስ 5 በመቶ እናደርሳለን አሉ። ስፔን ያኔም አኩርፋለች። እና ቁጣው ሠራ አልሠራም?

ቀለሟ፦ የቀሰቀሳቸው ቁጣ ብቻ ነው እንዴ? በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርርስ? ደግሞ ከ5ቱ 1.5 በመቶው ለመንገድ፣ ለድልድይና ለመሳሰለው ነው። ሁሉም ጥይት አይደለም።

የኔቶ ውል ላይ አንቀጽ 5 አለ፤ አንዱ ሲነካ ሁሉም እንደተነካ ይቆጠራል ይላል። ከ1949 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አንዴ ብቻ ነው። ለማን? ለአሜሪካ፣ ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ። ዴንማርክ ሕዝቧ 6 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ አፍጋኒስታን ላይ 43 ወታደሮቿን ቀበረች። ዛሬ «ግሪንላንድን አምጪ» የምትባለው እሷው ናት። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ታዛቢው፦ እሺ፣ ይኼ ያማል። ግን ግሪንላንድ ባለችበት አርክቲክ፣ ሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ሩሲያም ቻይናም እያንዣበቡ ነው። አሜሪካ ዝም ብላ ትይ?

ቀለሟ፦ ማን ዝም በይ አላት? በ1951 ከዴንማርክ ጋር ተፈራርማ ግሪንላንድ ላይ የጦር ሰፈር አላት። ፒቱፊክ ይባላል፣ ዛሬም እዚያው ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ መስበር ምን ይሉታል?

ሽማግሌው፦ ልጆች፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ትሩማን በ1946 ለግሪንላንድ የ100 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ አቅርቦ ነበር። በ1956 በስዊዝ ቦይ ምክንያት ግብፅን የወረረችውን እንግሊዝን አሜሪካ በፓውንዷ በኩል አንቃ አስወጣቻት። በ1966 ደግሞ የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ደጎል አገሩን ከኔቶ የጋራ ዕዝ አስወጣ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ጓዙን ጠቅልሎ ብራስልስ ገባ። ፈረንሳይ የተመለሰችው በ2009 ነው። ትዳሩ ድሮም ጭቅጭቅ አያጣውም።

ቀለሟ፦ አባባ፣ ያኔ ግን ክፉ ቀን ቢመጣ አሜሪካ እንደምትደርስ የሚጠራጠር አልነበረም።

ሽማግሌው፦ ነበረ እንጂ ልጄ! ደጎል ራሱ፣ አሜሪካኖች ለፓሪስ ሲሉ ኒው ዮርክን ያስመታሉ ወይ ብሎ ጠይቋል። ፈረንሳይ የራሷን ኑክሌር የሠራችው ለዚያ ነው።

መካኒኩ፦ እናንተ የምታወሩት ስለ ፊርማ ነው፣ እኔ ስለ ብሎን ላውራ። ኤፍ-35 የተባለውን የአሜሪካ የጦር ጀት የገዛ አገር መለዋወጫውንም ሶፍትዌሩንም የሚጠብቀው ከአሜሪካ ነው። ዴንማርክ ራሷ በ2025፣ ኩርፊያው ሳይበርድ፣ 16 ተጨማሪ እገዛለሁ አለች። ተለያይቶ መኖር በአንድ ጀንበር አይሆንም።

ታዛቢው፦ ልክ ነህ። እኔም በገንዘቡ አቋሜ ያው ነው፣ ይክፈሉ። ደሴት አምጡ ለሚለው ግን ጥብቅና አልቆምም።

ቀለሟ፦ ግማሹን ረታሁህ ማለት ነው። ቀሪውን ነገ እንቀጥላለን።