ክላስተር ራስ ምታት፦ ካናቢስ ይረዳል ወይ?

ጥያቄ፦
ታላቅ ወንድሜ ሌሊት ሌሊት፣ እንቅልፍ ከወሰደው አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ በቀኝ ዓይኑ ዙሪያ በሚነሣ ሕመም ይባንናል። መተኛትም መቀመጥም አቅቶት ክፍሉ ውስጥ ሲንጎራደድ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሲያነባ፣ በዚያው በኩል አፍንጫው ሲፈስ አያለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይተወዋል። ሐኪሙ ክላስተር ራስ ምታት ብሎታል፤ የሚውጠው ማስታገሻ ግን አልረዳውም። አሁን ለሕክምና የሚታዘዝ ካናቢስ (ሐሺሽ የሚሠራበት ተክል) ያድናል ሲባል ሰምቶ ልቡ ወደዚያ አዘንብሏል። እውነት ይረዳል?

መልስ 1፦
ከዚህ ሕመም ጋር ዓመታት ኖሬአለሁና የወንድምዎ መንጎራደድ ይገባኛል። ማይግሬን ያለበት ሰው ጨለማ ፈልጎ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ እኛ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልንም። ሰዓት ጠብቆ የሚነሣው፣ የሰውነታችንን ሰዓት የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በሕመሙ ውስጥ እጁ ስላለበት ነው። አንዱ ሕመም የሚቆየው ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት በመሆኑ፣ የሚዋጥ ክኒን ሥራውን እስኪጀምር ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

ለእኔ እፎይታ የሆነኝ ኦክስጅን ነው። ሕመሙ እንደጀመረ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ከረጢት ባለው ጭምብል በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን መሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ፋታ የተገኘው ኦክስጅን ከተሰጠባቸው ሕመሞች በ78 በመቶው ሲሆን፣ ተራ አየር በተሰጠባቸው ግን በ20 በመቶው ብቻ ነበር። ከቆዳ ሥር የሚወጋ 6 ሚሊግራም ሱማትሪፕታንም ፈጥኖ ይሠራል፤ የልብ ደም ሥር ሕመም ላለበት ግን አይሰጥም።

መልስ 2፦
ስለ ካናቢሱ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት 139 የክላስተር ታማሚዎችን ጠይቆ ነበር። ሕመሙ ሲነሣ ካናቢስ ሞክረናል ካሉት 27 ሰዎች ጠቀመን ያሉት ሩብ ያህሉ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ውጤቱ አንድ ጊዜ እንዲህ አንድ ጊዜ እንዲያ ሆኖባቸዋል፣ የቀሩት ደግሞ ጎድቶናል ብለዋል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ሕክምና ነው ለማለት አልደፍርም። ወንድምዎ ኦክስጅን ከጀመሩ ደግሞ በአጠገቡ ማንኛውንም ነገር ማጨስ እሳት ያስነሣል፤ ይህን አደራ አጥብቀው ይንገሯቸው።

ይልቅ ሐኪሙ መከላከያ መድኃኒት ጀምሮላቸው እንደሆነ ይጠይቁ። በዋናነት የሚታዘዘው ቬራፓሚል ነው፤ የልብን ምት ሊያዘገይ ስለሚችል መጠኑ ሲጨመር የልብን ምት በሚመዘግበው የኢሲጂ ምርመራ መታየት አለበት። እስኪሠራ ድረስ ለአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ መድኃኒት ወይም ከማጅራት በላይ የሚሰጥ የነርቭ መርፌ ይታከላል። ሕመሙ በሚመላለስበት ወቅት የአልኮል መጠጥም ይቀሰቅሰዋልና ይራቁት።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። መከላከያም ኦክስጅንም አልታዘዘለትም፤ እስካሁን የወሰደው የሚዋጥ ማስታገሻ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጽፌ ይዤ ከእርሱ ጋር ወደ ነርቭ ሐኪም እሄዳለሁ።