ውጤቱ «እርግጠኛ ባልሆነው» ክልል ውስጥ ሲወድቅ ስለ አሲዳማ ፍሳሽ ምን ብለን እንተንብይ?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ የወርቅ ፍለጋ ቦታ የምሠራ ጂኦሎጂስት ነኝ። ወርቁ ላይ ለመድረስ ተነሥቶ የሚከመረው ክሎራይት ሺስት የተባለ አረንጓዴ ቅጠልማ ዐለት ወደፊት አሲድ ያመነጭ እንደሆነ ለማወቅ የላክነው ናሙና ጠቅላላ ሰልፈሩ 1.2 በመቶ፣ አሲድን የማርከስ አቅሙ ደግሞ በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በቶን 52 ኪሎ ግራም ሆኖ ተገኘ። ሰልፈሩን በ31.25 ሳባዛ አሲድ የማመንጨት አቅሙ 37.5 ስለሚሆን፣ የማርከሱ አቅም በ14.5 ይበልጣል። ስለዚህ «አያሰጋም» ብዬ ሪፖርት ልጻፍ? ከክምሩ ግርጌ ያለውን ጅረት ሰውም ከብትም ስለሚጠጣው በጣም አሳስቦኛል።

መልስ 1፦
ገና አይጻፉ። የማርከስ አቅሙ ለማመንጨት አቅሙ ሲካፈል የሚገኘው ንጽጽር 1.4 ገደማ ነው፤ በተለመደው አሠራር ከ1 በታች አሲድ አመንጪ፣ ከ2 በላይ አብዛኛውን ጊዜ የማያሰጋ ሲባል፣ የእርስዎ ዐለት በመካከል ቀርቷል። በመጀመሪያ ከሰልፈሩ ውስጥ ፓይራይትና (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) መሰል ሰልፋይድ ምን ያህሉ እንደሆነ ያስለዩ፤ እንደ ጂፕሰም ባለ ሰልፌት ውስጥ ያለው አሲድ አያመነጭምና። ሰልፋይዱ 0.9 በመቶ ቢሆን እንኳ ንጽጽሩ ከ1.85 አያልፍም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን 52ቱ ነው። ካርቦኔቱ ካልሳይት (የካልሲየም ካርቦኔት) ከሆነ መልካም፤ ሲዴራይት (የብረት ካርቦኔት) ከሆነ ግን ከውስጡ የሚወጣው ብረት ኦክሲጅን ሲያገኝ የረከሰውን ያህል አሲድ መልሶ ስለሚለቅ፣ በላቦራቶሪ የታየው አቅም በሜዳ ላይ አይገኝም።

መልስ 2፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ። በተጨማሪም 2.5 ግራም የተፈጨ ናሙና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተፈትኖ የመጨረሻው ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ4.5 በታች ከወረደ ማስጠንቀቂያ ነው። አጠራጣሪዎቹን ናሙናዎች እርጥበት ሴል ወደሚባለው የረጅም ጊዜ መፈተኛ ያስገቡ፦ አንድ ኪሎ የተሰባበረ ዐለት ሦስት ቀን ደረቅ፣ ሦስት ቀን እርጥብ አየር ካገኘ በኋላ በሰባተኛው ቀን ይታጠባል፤ ይህም ቢያንስ ለ20 ሳምንታት ይደጋገማል። ካርቦኔቱ ከፓይራይቱ ቀድሞ ካለቀ ፒኤቹ ለወራት ደህና መስሎ ቆይቶ በድንገት ሊወርድ ስለሚችል በችኮላ አያቋርጡት። በእጥበቱ ውኃ ውስጥ አርሰኒክም ይለካ፤ የወርቅ ዐለት አርሰኖፓይራይት የተባለውን አርሰኒክ ያለበት ማዕድን ከያዘ ውኃው አሲዳማ ሳይሆንም ሊበከል ይችላልና።

መልስ 3፦
ናሙናው የስንት ሜትር ኮር (በመሰርሰሪያ የወጣ የዐለት ዘንግ) ድብልቅ ነው? አሥር ሜትር አንድ ላይ ከተፈጨ፣ በክምሩ ውስጥ ተራርቀው የሚቀመጡት ፓይራይትና ካርቦኔት በላቦራቶሪ ጎን ለጎን ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእርግጥም የስምንት ሜትር ድብልቅ ነበር። ዛሬ ኮሩን አውጥቼ ቡናማዎቹ ጅማቶች ላይ ቀዝቃዛ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባንጠባጥብ ምንም አልፈላም፤ ዱቄቱን በሞቀ አሲድ ስሞክረው ግን ፈላ። ካልሳይት እንዳልሆነ ገባኝ፤ ዶሎማይት (የካልሲየምና የማግኒዥየም ካርቦኔት) ይሁን ሲዴራይት እንዲለይልኝ ለኤክስሬይ ምርመራ፣ በየሁለት ሜትሩ ከፋፍዬ ልኬዋለሁ።