ከአፋችሁ የማይጠፋው አባባል የትኛው ነው? መቼ ገባችሁ?

ሰፊዋ (ጎንደር)

እንዴት ዋላችሁ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከአፋችሁ የማይጠፋ አባባል አላችሁ? ተረትና ምሳሌ ይሁን፣ ከመጽሐፍ ይሁን፣ አያታችሁ ይሉት የነበረ ይሁን፣ ግድ የለም። ግን እባካችሁ አባባሉን ብቻ ጽፋችሁ እንዳትሄዱ። መቼ እንደገባችሁም ንገሩኝ።

የእኔን ላስቀድም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። የገባኝ ግን የዛሬ 9 ዓመት ነው። ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ደንበኛው ሁሉ እንደ ሕግ ይዞት ይመጣል። ያን ዓመት 14 ቀሚስ ተቀበልኩ። እምቢ ማለት አልችልበትም ነበር። የመጨረሻው የከተራ ዕለት ጠዋት አለቀ። የጎረቤት ልጅ ቀሚስ ነው፤ ከታች ሰፊ አረንጓዴ ጥለት ያለው።

የሐበሻ ቀሚስ የሰፋ ያውቀዋል፤ ሸማ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ አይደለም። ክሩ ልል ነው። ጠርዙን አጥፈው ካልዘመዘሙት ይተረተራል። ጥለቱም መኪና ላይ ከመግባቱ በፊት በእጅ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ መያዝ አለበት። እኔ ሁለቱንም ዘለልኩ። ሲያዩት ያምር ነበር።

ልጅቷ ታቦት አጅባ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስትወርድ አንድ ሰው ጫፉን ረገጠባት። ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር ተለቀቀ። ከኋላዋ ነበርኩ። ሕዝቡ እልል ይላል፣ እሷ ጥለቷን በሁለት እጇ ሰብስባ ታለቅሳለች። ነጠላዬን አውልቄ ወገቧ ላይ አሰርኩላት። ማታ ለእናቴ ስነግራት አልተቆጣችኝም። ስኒ እያጠበች ይችን አባባል ብቻ ጣል አደረገች። እስከ ዛሬ መርፌ ባነሳሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

የደምቢያው

ሰላም እህቴ። የእኔ «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ናት። ሰሊጥ እነግዳለሁ። አንድ ዓመት መተማ ላይ ዋጋው ጥሩ ሳለ፣ ገና ይጨምራል ብዬ ያዝኩት። ወረደ። «ያኔ ሸጬው ቢሆን» እያልኩ ቤተሰቡን ሁሉ አሰለቸሁ። አባቴ ገበሬ ነው። እርሻ ላይ ሄጄ ያንኑ ሳወራ በሬዎቹን አቁሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ይችን ተናገረና ማረሱን ቀጠለ። ያለፈው ዝናብ አንዴ አበስብሶሃል፤ ጣራ የሚጠገነው ለሚመጣው ነው። እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ።

የሁለት ልጆች እናት

«ለመቅደድ ጊዜ አለው፥ ለመስፋትም ጊዜ አለው።» መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 ቁጥር 7። ሰፊ ነኝ ስትይ ነው ትዝ ያለኝ።

እናቴ ካረፈች በኋላ ጋቢዋን 3 ዓመት ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አልለበስኩትም፣ አላጠብኩትም፤ ሽታዋ እንዳይጠፋ ብዬ። ሴቷ ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ልትነሣ ስትል አክስቴ መጣችና «ይህ ጋቢ ለማን ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ። ይህን ቃል የጠቀሰችልኝም እሷ ናት። መቀሱን እኔው ያዝኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግማሹ የልጄ መታቀፊያ ሆነ። ግማሹ እስካሁን ሳጥኑ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው «ለሁሉም ጊዜ አለው» ብሎ ያሳጥረዋል። እኔን ግን መቅደዱና መስፋቱ በየስማቸው ሲጠሩ ነው ልቤን የሚነካኝ።

ባለባጃጁ ከአዘዞ

እህት፣ ታሪክሽ አሳዝኖኛል። አባባሉ ላይ ግን ትንሽ ቅር ይለኛል። እየሮጠ የሚታጠቅ ሰው ወዶ አይደለም። የቤት ኪራይ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። አንቺም 14 ቀሚስ የተቀበልሽው የሚያስፈልግሽ ነገር ቢኖር ነው። እኔን ያቆመኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ነው። ባጃጄን የገዛሁት በዕቁብ ነው። ዕጣው እስኪወጣልኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ጠበቅኩ። በየሳምንቱ ብሩን ሳስገባ ይችን እያልኩ ነበር።

ሰፊዋ (ጎንደር)

ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። የዚያን ዓመት ታናሽ ወንድሜ ኮሌጅ ገብቶ ነበር፤ ብሩ ያስፈልገኝ ነበር። እናቴም ይህን ስለምታውቅ ይመስለኛል ያልተቆጣችኝ። አሁን የገና በዓል ካለፈ በኋላ የጥምቀት ቀሚስ አልቀበልም። ከገና እስከ ከተራ 11 ቀን ብቻ ነው ያለው። የሚቀየመኝ ይቀየመኛል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፤ እንግዳው ከየአገሩ ይመጣል። ለእኔ ግን ከዚያም በላይ አንዲት ልጅ ዓመት ሙሉ የምትጠብቀው ቀን ነው። ለዚያች ልጅ በዓመቱ ሌላ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ዋጋ አልተቀበልኳትም።

የደምቢያው፣ አባትህን እግዜር ያቆይልህ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ያቺን መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኳት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ጋቢውን የቆረጥሽበትን ጠርዝ ዘመዘምሽው? ሳጥን ውስጥ ያለውም ቢሆን ካልተዘመዘመ ይተረተራል። ጎንደር ካለሽ ሁለቱንም ግማሽ አምጪልኝ። በእጄ ነው የምሰፋው፣ ብር አልቀበልሽም። አላጥበውም፣ ሽታው አይነካም።