ኤችፒ 15 ላይ ሊኑክስ ሚንት ስንጭን ዋይፋይ ጠፋ፤ ድራይቨሩ እንዴት ይገባል?

መሐል ሜዳ ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መሐል ሜዳ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ያሉ አራት ኤችፒ 15 ላፕቶፖች ዊንዶውስ 10 ከብዷቸው ስለነበር ሊኑክስ ሚንት 22 ጫንንባቸው። ድምፅ፣ ካሜራና ስክሪን ይሠራሉ። ዋይፋይ ግን የለም፤ የኔትወርክ ምልክቱን ስንጫን ዝርዝሩ ጭራሽ አይወጣም። የኬብል ኢንተርኔት የለንም፣ ያለን የስልክ ዳታ ብቻ ነው። በአንዱ ላይ «ፈርምዌር-ቢ43-ኢንስቶለር» የሚባለውን ለመጫን ሞክረን መሐል ላይ ተቋረጠ፤ አሁን ምንም ነገር ልንጭን ስንል እሱኑ እየጠራ ስህተት ያወጣል። ለዊንዶውስ የወረደ የዋይፋይና የብሉቱዝ ድራይቨርም በፍላሽ አለን፤ እሱ ይሆናል? ቺፑ «ብሮድኮም ቢሲኤም43142» ይላል። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ፊርማው ያልታወቀ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክለው) እንደበራ ነው።

ጣርማበር፦
ቺፑን ለይታችሁ መምጣታችሁ ጥሩ ነው። ድራይቨር በላፕቶፕ ሞዴል አይፈለግም፤ «ኤችፒ 15» በሚል ስም ከሚሸጡት ውስጥ ብሮድኮም ያለበትም፣ ሪልቴክ ያለበትም፣ ኢንቴል ያለበትም አለ። ስለዚህ አራቱንም አንድ በአንድ እዩ። ተርሚናል ላይ «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤን» በሉ፤ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» በሚለው መስመር መጨረሻ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ 14ኢ4:4365 ካለ 43142 ነው። ከሁለቱ ነጥቦች በፊት ያለው የአምራቹ፣ በኋላ ያለው የቺፑ መለያ ነው። (ትዕዛዞቹን በፊደላችን የምጽፈው ለንባብ ነው፤ ስትጽፏቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ሰረዞቹን ሳትዘሉ።)

የዊንዶውሱ ድራይቨር ለዋይፋይ አይሆንም፤ የተሠራው ለሌላ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ነው። ግን አትሰርዙት፣ ለብሉቱዙ ሊያስፈልግ ይችላል።

ቢ43 ለቆዩ የብሮድኮም ቺፖች የተሠራ ድራይቨር ነው፤ 43142ን አያውቀውም፣ ቢጫንም አይጠቅማችሁም። ፓኬጁ ፈርምዌሩን (ቺፑ ራሱ የሚሠራበትን ፕሮግራም) በውስጡ አልያዘም፤ በሚጫንበት ሰዓት ነው ከኢንተርኔት የሚያመጣው። መስመር ሲቋረጥ ግማሽ ላይ ይቀርና ከሱ በኋላ የሚመጣው ጭነት ሁሉ እሱ ላይ ይሰናከላል። መጀመሪያ እሱን አውጡ፦

ሱዶ አፕት-ጌት ፐርጅ ፈርምዌር-ቢ43-ኢንስቶለር

የሚያስፈልጋችሁ «ቢሲኤምደብሊውኤል-ከርነል-ሶርስ» ነው። ይህ ፓኬጅ «ደብሊውኤል» የሚባለውን ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚገጠም ድራይቨር) ይሠራል፤ ከሱ ጋር የሚጋጩትን ቢ43ንና ሌሎቹን ደግሞ እንዳይነሱ ራሱ በጥቁር መዝገብ ያስገባቸዋል። ዳታ ሳታወጡም ማስገባት ይቻላል። ሚንቱን የጫናችሁበትን ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ሰኩትና ከሜኑ «ድራይቨር ማኔጀር»ን ክፈቱ። ከ21.1 ጀምሮ ያሉት ሚንቶች ኢንተርኔት ሲያጡ ከፍላሹ ላይ ፈልገው የብሮድኮሙን ድራይቨር ያቀርባሉ። ምረጡት፣ «አፕላይ» በሉ፣ ሲጨርስ ሪስታርት። ፍላሹ ለሌላ ሥራ ተፎርማቶ ከሆነ ሚንቱን እንደገና ጻፉበት።

አሁን ሴኪዩር ቡት። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ድራይቨሩ በትክክል ገብቶ ዋይፋዩ ግን አይነሳም፣ ከዚያ «ድራይቨሩ አይሠራም» ተብሎ ሌላ ፍለጋ ይጀመራል። ሞጁሉ እናንተው ማሽን ላይ የተሠራ ስለሆነ ከርነሉ ፊርማውን አያውቀውም። የፊርማው ቁልፍ መመዝገብ አለበት፤ ለዚህ ነው ጭነቱ መሐል ላይ የይለፍ ቃል አውጡ የሚላችሁ፤ ከ8 እስከ 16 ፊደል። ወረቀት ላይ ጻፉት። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና 10 ሰከንድ ይቆጥራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንኛውንም ቁልፍ ካልነካችሁ ዝም ብሎ ያልፋል። ከነካችሁ «ኤንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ» ብላችሁ ያንኑ የይለፍ ቃል ትሰጡታላችሁ። እዚያ ኪቦርዱ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው፤ ልዩ ምልክት ያለበት የይለፍ ቃል ስለሚያስቸግር በፊደልና በቁጥር ብቻ ይሁን።

ስክሪኑ ካመለጣችሁ ድራይቨሩን ደግሞ መጫን አያስፈልግም። «ሱዶ አፕዴት-ሴኪዩርቡት-ፖሊሲ --ኤንሮል-ኪይ» ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ማረጋገጫው «ሱዶ ሞድፕሮብ ደብሊውኤል» ነው፤ ዝም ካለ ሞጁሉ ገብቷል፣ «ኪይ ዎዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» ካለ ቁልፉ አልተመዘገበም።

ወፋ ዋሻ፦
ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ይቀላል። ኤችፒ ላይ ሲነሳ ኢስኬፕን ደጋግሞ መጫን፣ ከዚያ ኤፍ10፣ ከቡት አማራጮች ውስጥ ማጥፋት፣ ሴቭ አድርጎ መውጣት። ቀጥሎ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ኢንተር ካላላችሁ ለውጡ አይጸድቅም። ብዙ ሰው ይህን ስህተት መስሎት ያጠፋዋል።

ጣርማበር፦
ይቻላል። ዊንዶውሱ ጎን ለጎን ካለና ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከበራ ግን ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ዊንዶውሱ የ48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ በእጅ ከሌለ ፋይሉ እንደተቆለፈ ይቀራል። ተማሪ በሚጠቀምበት ማሽን ላይ ደግሞ እንደበራ ቢቆይ ይሻላል። የሰማያዊው ስክሪን ሥራ አንዴ ብቻ ነው፤ በኋላ ከርነል ቢታደስም ያው ቁልፍ ያገለግላል።

ሸዋ ሮቢት 08፦
ጭነቱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሳይኖር አይጀመር። መብራት ሄዶ ማሽኑ መሐል ላይ ቢጠፋ ሲነሳ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በሉ፣ ቀጥሎ ሞጁሉን ለከርነሉ የሚሠራውን «ሱዶ ዲኬኤምኤስ አውቶኢንስቶል»። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ስትሉ «ኢንስቶልድ» ከሚለው አጠገብ ያለው የከርነል ቁጥር «ዩኔም -አር» ከሚሰጣችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት።

የፍላሹ መንገድ እምቢ ካለ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ»ን አብሩ። ላፕቶፑ እንደ ኬብል ኢንተርኔት ያየዋል፣ ድራይቨር አይፈልግም። ምልክቱ ካልመጣ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ፤ ከርካሽ ቻርጀር ጋር ከሚመጡት ብዙዎቹ የኃይል ሽቦ ብቻ እንጂ የዳታ ሽቦ የላቸውም።

ለአራቱም አራት ጊዜ አታውርዱ። በአንዱ ላይ «ሱዶ አፕት-ጌት አፕዴት»፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ ቢሲኤምደብሊውኤል-ከርነል-ሶርስ»። የወረዱት ፋይሎች ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው የፎልደር ተርታ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ወደ ፍላሽ ቅዱና በሌሎቹ ላይ ከዚያው ፎልደር ሆናችሁ «ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ *.ዴብ»። «አፕት-ጌት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ «አፕት» ብቻ ስትሉ ጭነቱ እንዳለቀ ያወረደውን ይሰርዘዋል። አንዱ ማሽን ብቻ አፕዴት ተደርጎ ከርነሉ ከተለወጠ ይህ መንገድ ሊሰናከል ይችላል፤ ስለዚህ ከመቅዳታችሁ በፊት የአራቱንም ከርነል አስተያዩ።

ወፋ ዋሻ፦
ሌላው ምርጫ ትንሿ የዩኤስቢ ዋይፋይ ናት።

ጣርማበር፦
ከተገዛች በቺፗ ትገዛ። ሚዲያቴክ ኤምቲ7601ዩ ወይም አቴሮስ ኤአር9271 ያለባት ስትሰካ ወዲያው ትነሳለች፤ ድራይቨራቸው ከርነሉ ውስጥ ነው። ኤአይሲ8800 ያለባት ግን መጀመሪያ እንደ ፍላሽ ዲስክ ትታያለች፤ ድራይቨሯ ከርነሉ ውስጥ የለም፣ ተዉአት። የውስጡን ካርድ ለመቀየር ለሚያስብ ደግሞ፣ አንዳንድ የቆዩ ኤችፒዎች በባዮሳቸው ዝርዝር ውስጥ የሌለ ካርድ ሲገባባቸው የስህተት ቁጥር 104 ሰጥተው አይነሱም። ካርድ ከመግዛት በፊት ይህ ይጣራ።

መሐል ሜዳ ላብ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። በፍላሹ መንገድ አራቱም ላይ ገባ፤ በአንዱ ሰማያዊው ስክሪን አምልጦን በትዕዛዙ መለስነው። ሦስት ነገር ቀረ። የጎረቤት ዋይፋይ ይታያል፣ የአንዱ ስልክ ሆትስፖት ግን ከእነጭራሹ አይታይም። የሌላው ስልክ ይታያል፣ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ይጠይቃል እንጂ አይገባም። ብሉቱዙም አይሠራም።

ጣርማበር፦
የማይታየው ሆትስፖት 5 ጊጋኸርዝ ላይ ተደርጎ ነው። 43142 የሚያውቀው 2.4ን ብቻ ነው፤ ከስልኩ የሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ባንዱን ወደ 2.4 መልሱ። የይለፍ ቃል የሚደጋግመው ደግሞ ደኅንነቱ ደብሊውፒኤ3 ስለሆነ ይመስላል፤ የ«ደብሊውኤል» ድራይቨር ያንን አይችልም፣ ወደ ደብሊውፒኤ2 ቀይሩት። አዳዲስ ስልኮች ላይ እነዚህን ሁለቱን ማየት ግድ ነው።

ለብሉቱዙ «ሱዶ ዲሜሴጅ» (ሲጻፍ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ) ብላችሁ «ቢሲኤም» የሚለውን መስመር ፈልጉ። የጠፋውን ፋይል ሙሉ ስም ይነግራችኋል፤ መጨረሻው «.ኤችሲዲ» ነው። ያስቀመጣችሁት የዊንዶውስ ድራይቨር የሚጠቅመው አሁን ነው። በውስጡ «.ሄክስ» የሚሉ ብዙ ፋይሎች አሉ፤ የእናንተው የትኛው እንደሆነ አብሮት ያለው «.አይኤንኤፍ» ፋይል በዩኤስቢ መለያ ቁጥር ያመለክታል፣ ያንን ቁጥር «ኤልኤስዩኤስቢ» ይሰጣችኋል። «ሄክስ2ኤችሲዲ» በሚባለው ትዕዛዝ ወደ «.ኤችሲዲ» ቀይሩት፣ ዲሜሴጅ የጠራውን ስም ሳታዛቡ ስጡት፣ ሊብ፣ ፈርምዌር፣ ቢአርሲኤም በሚለው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ ሪስታርት ሳይሆን ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ አብሩ፤ ቺፑ ኃይል ካልተቋረጠበት አዲሱን ፈርምዌር ላይቀበል ይችላል።