«ማደንዘዝ» የምትሉት የትኛውን ነው?

የበኩሬ እናት (ደብረ ብርሃን)፦
ትናንት የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስለ ልጆች ጠባይ ሲወራ አንድ መምህር ተነሱና «ለልጅ ኪኒን ሰጥቶ ክፍል መላክ ማደንዘዝ ነው» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ነው የምጽፈው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር፣ አለበት ከተባለ ሁለት ዓመት አለፈው። የሚሆነውን መድኃኒት እስክናገኝ ሦስት ዓይነት ሞክረናል። ማደንዘዝ ምን እንደሚመስል በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን የሚወስደው ግን እሱ አይደለም። ካጨበጨባችሁት ውስጥ እዚህ ያላችሁ ካላችሁ ፊት ለፊት ንገሩኝ።

መምህሩ (ጠባሴ)፦
እህቴ፣ ያልኩት እኔ ነኝ። አልደበቅም። ልጅሽ መድኃኒት እንደሚወስድ አላውቅም ነበር፤ አንቺን አስቤ አልተናገርኩም። ቃሌን ግን አላጥፍም። አምና አንድ ተማሪ ነበረኝ። መስከረም ላይ ወንበር የማይችለው፣ እጁን ሳያወጣ የሚመልስ ልጅ ነበር። ከገና በኋላ ኪኒን ጀመረ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ለሃጩ ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል። የእረፍት ደወል ሲደወል እንኳ አይነሳም። ይህ ማደንዘዝ ካልተባለ ምን ልበለው?

የበኩሬ እናት፦
መምህር፣ ያ ልጅ እኔም ቤት ነበር። ልጄ መጀመሪያ የታዘዘለት ሪስፔሪዶን ነው። ቀን ይተኛል። ሌሊት ተነስቶ ምግብ ይፈልጋል። በአራት ወር ሱሪው ሁሉ ጠበበው። ጎረቤት «ተመስገን፣ ልጅሽ ረጋ» ይለኛል። እኔ ግን አጠገቤ ተቀምጦ ይናፍቀኝ ነበር። ስለዚህ ያዩትን አልክድም። ግን ያዩት አንድ መድኃኒት ነው። የፈረዱት በሁሉም ላይ ነው።

ፋርማሲስት፦
እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ሪስፔሪዶን በዋናነት ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ልጅ ራሱን ወይም ሌላውን እስከመጉዳት ሲደርስ ለልጅም ይታዘዛል። እንቅልፍ ያመጣል፣ ክብደት ይጨምራል። ለኤዲኤችዲ በመጀመሪያ የሚመረጠው ግን ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ብዙ ሰው ሪታሊን በሚለው ስሙ ያውቀዋል። እሱ አነቃቂ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን የሚባሉትን ኬሚካሎች ከፍ ያደርጋል። ልጁ የሚረጋው ስለደነዘዘ ሳይሆን የጀመረውን ነገር ይዞ መቆየት ስለቻለ ነው። ታማኝ ልሁንና፣ መጠኑ ከበዛ ሜቲልፌኒዴትም ልጅን ዝም ያሰኛል፣ ፊቱን ያጠፋዋል። ያኔ መጠኑ ይቀነሳል እንጂ ልጁ እንደዚያ አይተውም።

መምህሩ (ጠባሴ)፦
«ፊቱን ያጠፋዋል»። ይኸው፣ ራስህ አልከው።

ፋርማሲስት፦
«መጠኑ ከበዛ» ያልኩትን ለምን ቆረጡት? ጨውም ሲበዛ ወጥ ያበላሻል።

የሸዋ ሮቢት ልጅ፦
አነቃቂ ካላችሁማ ጫት ነው በሉን! እኛ ጋ ስንቱ ወጣት በጫት እንደቀረ እያየን ለሕፃን አነቃቂ ስጡ ትሉናላችሁ? እኔ አልቀበልም። ወንድሜን ያጣሁት በዚሁ ነገር ነው።

ፋርማሲስት፦
ወንድሜ፣ ሐዘንህን አከብራለሁ። ጥያቄህም መልስ ይገባዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር ይመሳሰላል፤ ሜቲልፌኒዴትም በሥራው ከዚያ ወገን ነው። ለዚህም ነው በዓለም ደረጃ ቁጥጥር ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ውስጥ የገባው። ልዩ የሐኪም ማዘዣ ይጠይቃል፣ በቁጥር ይሰጣል። ግን ተመዝኖ፣ በሐኪም ዓይን ሥር፣ በአፍ የሚዋጥ 5 ሚሊ ግራም እና ቀን ሙሉ የሚቃም ቅጠል አንድ አይደሉም።

የበኩሬ እናት፦
እኔም መጀመሪያ የፈራሁት ይህንኑ ነው። ሐኪሙን «ሱስ ይይዘዋል ወይ?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ልጄ ግን ኪኒኑን አምጪ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ነኝ እያስታወስኩ የምሰጠው።

የድሮ ተማሪ፦
በእኛ ጊዜ ኤዲኤችዲ የሚባል ነበር ወይ? ቀዥቃዣ ልጅ በአለንጋ ይቀጣል፣ ይስተካከላል። ይህ ከውጭ የመጣ አዲስ በሽታ ነው። እናት አባት ልጅ መቅጣት ሲፈሩ ኪኒን መጣ።

አባት ከመሐል ሜዳ፦
ይስተካከላል ያልከው ማን ነው የተስተካከለው? ከእኔ ጋር አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ልጅ ነበር። በየቀኑ ይገረፋል። በየቀኑ ያው ነው። አንድ ቀን ደብተሩን አጥር ላይ ጥሎ ወደ በጎቹ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ጭንቅላቱ ከሁላችን ይበልጥ ነበር። በሽታው አልነበረም አትበል፤ ስሙ ነው ያልነበረው።

ፋርማሲስት፦
አዲስ ነው ለሚለውም፣ ቻርለስ ብራድሌይ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ለእንዲህ ዓይነት ልጆች አነቃቂ መድኃኒት ሰጥቶ ውጤቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ያኔ ጣልያን ገና አገራችን ላይ ነበር።

የጸበል ልጅ፦
ማንም እስካሁን አላነሳውም፣ ስለዚህ እኔ ላንሳው። ሸንኮራ ዮሐንስ ወስዳችሁታል? የሰው ዓይን ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ሳይሞከር ጸበል ይቅደም።

የበኩሬ እናት፦
ሁለት ሳምንት ጻድቃኔ ማርያም ተቀምጠናል። በዚያ ብርድ ማልዶ ሲጠመቅ በባና ጠቅልዬ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። እምነቴን ማንም አይለካልኝ። ጸበሉንም አልተውኩም፣ ኪኒኑንም አልተውኩም። አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለኤድስ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ብለው አልነበረም?

የጸበል ልጅ፦
እሱ ለኤድስ ነው። ኤድስ በምርመራ በደም ይታያል። ይሄ በምን ይታያል?

አባት ከመሐል ሜዳ፦
በልጁ ይታያል። የእኔ ልጅ ሴት ናት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ። እሷን ማንም ቀዥቃዣ ብሏት አያውቅም። ቁጭ ብላ ነው የምትጠፋው። ጆግ አስይዤ ውኃ ቅጂ ስላት፣ ጆጉን እንደያዘች ደጃፍ ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ምን ልታደርግ እንደወጣች አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰነፍ» ተብላለች። እኔም ብያታለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። መምህር፣ እሷ ቀድሞውንም ዝም ያለች ናት። መድኃኒቱ እሷን ያናገራት እንጂ ያደነዘዛት አይደለም።

መምህሩ (ጠባሴ)፦
ወንድሜ፣ ይህን መስማት ነበረብኝ። ስለ ሴት ልጆች ያልከውን ተቀብያለሁ። አሁን ሳስበው ክፍሌ ውስጥ ሁለት አሉ።

ግን የእኔም ጥያቄ መልስ አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ሜቲልፌኒዴት የተባለውን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ለምን? ነገሩ ይህን ያህል የተረጋገጠ ከሆነ?

ፋርማሲስት፦
ትክክል ነው፣ አላስገባውም። ምክንያቱ ከአሥራ ሁለት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ስለሚሰጠው ጥቅምና ስለ ጉዳቱ የቀረበው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም የሚል ነው። ጎጂ ነውና ይከልከል አላለም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ 579 ልጆች ለ14 ወር ተከታትሏል። በጥንቃቄ መጠኑ የተስተካከለ መድኃኒት፣ የጠባይ ሕክምና ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ትኩረትን አሻሽሏል። ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን የሚቀድመው ወላጅን ማሠልጠን ነው። በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

የበኩሬ እናት፦
ጥናቱን ተዉትና ቤቴን ላሳያችሁ። ከሪስፔሪዶን በኋላ ኢሚፕራሚን የሚባል ሌላ መድኃኒት ተሞከረ። አፉ ይደርቃል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደን ሜቲልፌኒዴት ታዘዘልን። በ5 ሚሊ ግራም ጀመርን። ወደ 10 ሲወጣ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ጥፍሩን እስኪደማ ነከሰ። መልሰን ወደ 5 አወረድን፣ በቀን ሁለት ጊዜ አደረግነው። ይህን ለማግኘት አምስት ወር ፈጀ።

አሁን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁርሱን አበላዋለሁ። ገንፎ ወይ ቅንጬ፣ እስኪጠግብ። ከዚያ በኋላ ነው ኪኒኑ። ምክንያቱም ምሳ አይነካም። ምሳ ዕቃው እንደሄደ ይመለሳል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን እንጀራውን ጠቅልሎ ሲጎርስ ቆሜ ነው የማየው። በየወሩ ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ፣ ቁመቱን በር ላይ በከሰል አሰምራለሁ።

ትልቁ ችግራችን ፈረቃው ነው። ኪኒኑ ከተዋጠ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ጠዋት ሲማር ደህና ነው። የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሰው ግን ጠዋት የወሰደው ክፍል ሳይገባ ያልቃል። ሰዓቱን ስናዛውር ደግሞ ማታ አይተኛም። አንድ ወር ጎበዝ፣ አንድ ወር «ረባሽ» ይባላል። ልጁ አንድ ነው። የተለወጠው ሰዓቱ ነው።

መምህሩ (ጠባሴ)፦
ይህን ለስም ጠሪው መምህር ነግረሽዋል?

የበኩሬ እናት፦
ምን ብዬ? «ታደነዝዢዋለሽ» እንዲሉኝ?

የድሮ ተማሪ፦
ለፈረቃ ተብሎ ትምህርት ቤት አይቀየርም። የአንድ ልጅ ጉዳይ ነው።

አባት ከመሐል ሜዳ፦
የአንድ ልጅ ጉዳይ አይደለም። መምህር፣ ክፍልዎ ውስጥ ስንት ልጅ አለ?

መምህሩ (ጠባሴ)፦
68። ለሦስት የተሠራ ዴስክ ላይ አራት ይቀመጣሉ።

አባት ከመሐል ሜዳ፦
እንግዲህ ከ68 ልጅ መሐል አንድ የሚነሳ የሚቀመጥ ሲኖር ሁሉም ይጠላዋል። እርስዎም ይደክምዎታል። ይገባኛል። ግን ድካሙን እናቲቱ ላይ አይጣሉት።

የሸዋ ሮቢት ልጅ፦
ክፍሉ 30 ልጅ ቢሆን ኪኒን አያስፈልግም ነበር ማለት ነዋ! ለመንግሥት ጥፋት ልጅ ይዋጥለት?

ፋርማሲስት፦
አንዳንዱ ልጅ ላያስፈልገው ይችላል። አንዳንዱ 30 ሆኑም 10 ሆኑም ያስፈልገዋል። ይህን የሚለየው ቤቱንም ክፍሉንም ጠይቆ የሚመረምር ሐኪም ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በውስጥ መስመር «የጎረቤቴ ልጅ የተረፈ ኪኒን አለው፣ ለእኔ ልጅ ልስጠው?» ያላችሁኝ አላችሁ። አትስጡ። የልብ ምትና ደም ግፊት ሳይታይ አይጀመርም።

የጸበል ልጅ፦
ለእግዚአብሔር ያልተተወ ነገር መጨረሻው አያምርም፣ እኔ ይህን ብያለሁ።

የበኩሬ እናት፦
እግዚአብሔር አይደል ሐኪሙንም የፈጠረው? እባክህ ይህን ወሬ እዚህ ላይ ተው።

መምህሩ (ጠባሴ)፦
እህቴ፣ ሰኞ ማኅበራዊ ክፍል ከሰዓት ነኝ። መጥተሽ ሰዓቱን በወረቀት ጽፈሽ ስጪኝ፣ ከስም ጠሪው ጋር አገናኝሻለሁ። ስለ አምናው ልጅ ያልኩትን ግን አልመለስኩም። ለሃጩን ያየሁት እኔ ነኝ።

የበኩሬ እናት፦
እመጣለሁ። ግን መምህር፣ ያጨበጨቡት ሰዎች አልመጡም። ለእነሱስ ማን ይነግራቸዋል? ቃሉ ከእርስዎ አፍ ወጥቶ ዛሬ ጠዋት ልጄ ጆሮ ደርሷል። ኪኒኑን መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት «እማ፣ እኔ ደንዛዛ ነኝ?» አለኝ።